ከአመልካች ወደ መስተአምር፦ የእስፓኝኛው «ኤል» ታሪክና የተርጓሚው ኀላፊነት

መግቢያ

በ1978 የጸደቀው የእስፓኝ ሕገ መንግሥት በ14ኛው አንቀጹ ስለ እኩልነት ሲደነግግ ዐረፍተ ነገሩን የሚከፍተው «ሎስ ኤስፓኞሌስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) «ኤስፓኞሌስ» ማለት «እስፓኛውያን» ማለት ነው። በፊቱ የቆመው «ሎስ» ስሙ እሙር፣ ማለትም የታወቀ፣ መሆኑን ያመለክታል ተብሎ በሰዋስው መጻሕፍት የተመዘገበው ቃል ነው። አንድ ተርጓሚ ይህን ሕግ ብቻ ይዞ ወደ አማርኛ ቢመልስ «እስፓኛውያኑ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ብሎ ይጽፋል። የአማርኛ አንባቢ ግን ወዲያውኑ «የትኞቹ እስፓኛውያን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በቃሉ መጨረሻ ያለችው ቅጥያ አስቀድመው የተነሡ፣ ከሌሎችም የተለዩ ሰዎች መኖራቸውን ትነግረዋለችና። ለሕዝብ ሁሉ የተሰጠው መብት በአንዲት ቅጥያ ምክንያት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ መስሎ ይገኛል። የድንጋጌው ሐሳብ በአማርኛ የሚገለጸው «እስፓኛውያን ሁሉ» ሲባል ነው። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጹ ተመሳሳዩን ሐሳብ ሲገልጥ «ሁሉም ሰዎች» ብሎ መጀመሩ የአማርኛ ባሕርይ የሚጠይቀውን ያሳያል።

እንግዲህ የእስፓኝኛው «ኤል» እና የአማርኛው «-ው» ወይም «-ኡ» በስም አንድ ሆነው ሳለ በሥራ ለምን ይለያያሉ? የዚህ አጭር ጽሑፍ ሐሳብ መልሱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። የእስፓኝኛው መስተአምር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተሻገረ የመጣ ሲሆን፣ የኋለኛውን ደረጃ ሲይዝ የፊተኛውን አልለቀቀም። ስለዚህ ተርጓሚው «ኤል»ን ባገኘ ቍጥር መጠየቅ የሚገባው «በአማርኛ አቻው ምንድን ነው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ‹ኤል› በየትኛው የታሪኩ ደረጃ ላይ የቆመ ነው?» ብሎ ነው።

1. ስለ ስያሜው

በዚህ ጽሑፍ «መስተአምር» የምንለው ከስም ጋር እየተነገረ ስሙ የታወቀ ወይም ያልታወቀ መሆኑን የሚያስረዳውን ቃል ወይም ቅጥያ ነው። ስያሜው ከግእዝ የተወሰደ ነው። በግእዝ «አመረ» አሳየ፣ አመለከተ ማለት ሲሆን «አእመረ» ዐወቀ ማለት ነው፤ «ትእምርት»ም ምልክት ነው። እንግዲህ በዚህ የቃል ቤተሰብ ውስጥ ማመልከትና ማወቅ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት «አርቲኩሉስ» የሚለው የላቲን ቃል ግን ትርጕሙ «ትንሽ መገጣጠሚያ» ነው፤ ይህም የሰውነት መገጣጠሚያን ከሚያመለክተው ከግሪኩ «አርትሮን» የተተረጐመ ነው። ለእስፓኝኛው ጕዳይ የግእዙ ስያሜ ከላቲኑ ይልቅ ገላጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ እንደምናየው የ«ኤል» ታሪክ ከማመልከት ተነሥቶ ወደ ማሳወቅ የተደረገ ጕዞ ነውና።

2. መስተአምር ያልነበረው እናት ቋንቋ

እስፓኝኛ የተወለደበት የላቲን ቋንቋ መስተአምር አልነበረውም። የንግግር ጥበብ መምህር የነበረው ክዊንቲልያኑስ በ1ኛው ምዕት ዓመት በጻፈው ትልቅ ሥራ የላቲን ቋንቋ መስተአምርን እንደማይፈልግ በግልጽ አስፍሯል። በዘመኑ የተማረ ሮማዊ የግሪክን ቋንቋ ያውቅ ስለ ነበረ ግሪክ መስተአምር እንዳለውም ያውቃል። የክዊንቲልያኑስ ንግግር ታዲያ የጕድለት መናዘዝ ሳይሆን የራስ መተማመን ቃል ነበር። ይህ ሰው የተወለደው በዛሬዋ እስፓኝ፣ ላ ሪዮኻ በሚባለው ክፍለ ሀገር በምትገኘው በካላጉሪስ፣ በዛሬው አጠራር በካላኦራ፣ መሆኑ የሚያስገርም ነው። መስተአምር አያስፈልግም ያለው መምህር የትውልድ ሀገር ዛሬ በስሟ መግቢያ ላይ «ላ» የሚለውን መስተአምር ይዛ ትጠራለች።

የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን ችግሩን በተግባር አገኙት። በ4ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ሄሮኒሙስ ወንጌልን በላቲን ሲያሰናዳ በግሪኩ በየመሥመሩ የሚያገኘውን መስተአምር በአብዛኛው መተው ነበረበት፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ «ኢሌ» (ያ) በሚለው አመልካች ተረዳ። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተረጐሙት ሊቃውንትም ከዚሁ ፈተና ገጥሟቸዋል፤ ግእዝም የቆመ መስተአምር የለውምና። እነርሱም አንዳንድ ጊዜ «ውእቱ ብእሲ» እንደሚባለው በተውላጠ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም «ቤቱ ለንጉሥ» እንደሚባለው የባለቤትነት ቅጥያን ከ«ለ» ጋር በማስተባበር እሙርነትን ገለጡ። በአማርኛ መስተአምር የሆነችው «-ው» ወይም «-ኡ» የመጣችውም ከዚሁ የባለቤትነት ቅጥያ ነው። እንግዲህ ላቲንና ግእዝ በአንድ ጕድለት ፊት ቆመው ልጆቻቸው በሁለት መንገድ ሄዱ፤ እስፓኝኛ ከአመልካቹ «ያ»፣ አማርኛ ከባለቤትነቱ «የእርሱ» መስተአምርን አወጡ። ይህ የምንጭ ልዩነት በመጨረሻው ክፍል ለምናነሣው የትርጕም ጕዳይ መሠረት ነው።

3. የልደቱ ምስክሮች

በሕዝብ አንደበት ይነገር የነበረው ላቲን ከመጽሐፉ ላቲን ቀድሞ ተለውጧል። ለዚህ ከምናገኛቸው ምስክሮች አንዷ ኤጌሪያ የተባለች ተሳላሚ ናት። ብዙ ሊቃውንት የእስፓኝ ሰሜናዊ ምዕራብ ተወላጅ እንደ ነበረች የሚገምቷት ይህች ሴት ከ381 እስከ 384 ባለው ጊዜ ሲና ተራራንና ኢየሩሳሌምን ጐብኝታ ያየችውን ለእኅቶቿ ጽፋለች። ጽሑፏ በ1884 በጣልያን አገር በአሬትሶ ከተማ ተገኘ። አንድ ተራራ ወይም ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ካነሣች በኋላ ደግማ ስትጠራው «ኢሌ» ወይም «ኢፕሴ» (ራሱ) የሚሉትን ቃላት ከድሮው ልማድ እጅግ አብዝታ ትጨምራለች። አመልካቹ በጣት ማሳየቱን እየተወ «አስቀድሞ የነገርኋችሁ» ወደ ማለት ማዘንበሉ በዚህ ይታያል።

ሁለቱ ቃላት ለብዙ ዘመን ተፎካከሩ። በሰርዴንያ ደሴትና በከፊል በባሌአር ደሴቶች አነጋገር «ኢፕሴ» አሸንፎ «ሱ»፣ «ኤስ» እና «ሳ» የሚሉ መስተአምራትን አስገኘ። በቀሩት የሮማንስ ቋንቋዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል «ኢሌ» ድል አደረገ። ሩማንኛ ግን ይህንኑ ቃል ከስሙ በኋላ አስከትሎ ከስሙ ጋር አጣበቀው፤ «ሉፕ» ተኵላ ሲሆን «ሉፑል» ተኵላው ነው። አቀማመጡ ከአማርኛው ጋር መመሳሰሉን አንባቢ ይመለከታል።

በእስፓኝ ምድር አዲሱ ቃል በጽሑፍ በጕልህ የሚታየው በ10ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወይም በ11ኛው መጀመሪያ ነው። በሳን ሚያን ዴ ላ ኮጎያ ገዳም የነበረ አንድ መነኵሴ በላቲን መጽሐፍ ዳርቻ ላይ በአካባቢው አነጋገር ማብራሪያ ጻፈ። በዚያ ማብራሪያ «ኤላ» የሚለው አንስታይ መስተአምር፣ እንዲሁም ከመስተዋድድ ጋር የተዋሐዱት «ኤኖስ» እና «ዴሎስ» ይገኛሉ። ገዳሙ የሚገኘው ክዊንቲልያኑስ በተወለደበት በዚያው በላ ሪዮኻ ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር፣ በ900 ዓመት ያህል ርቀት፣ አንዱ መስተአምር አያስፈልግም አለ፤ ሌላው ሳያስተውለው ጻፈው።

4. የቅርጹ ነገርና «ኤል አጓ»

የላቲኑ «ኢሌ» ለወንድ «ኤል»ን፣ «ኢላ» ለሴት «ኤላ»ን፣ ኋላም «ላ»ን ወለደ፤ የብዙ ቍጥሮቹ «ኢሎስ» እና «ኢላስ» ደግሞ «ሎስ» እና «ላስ» ሆኑ። ወንድም ሴትም ያልሆነው «ኢሉድ» በ«ሎ» መልክ ኖረ፤ ስለዚህ እስፓኝኛ «ሎ ብዌኖ» ብሎ «መልካሙን ነገር» በጥቅሉ ለመጥራት ይችላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪን ሁሉ የሚያደናግር አንድ ቅሪት አለ። «አጓ» (ውሃ) አንስታይ ስም ሆኖ ሳለ «ኤል አጓ» ይባላል። ብዙ መጻሕፍት ይህን ሲያስረዱ ለድምፅ ማማር ሲባል የወንዱ መስተአምር ተተካ ይላሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጥንታዊው «ኤላ» በተነባቢ ፊት የመጀመሪያውን ድምፅ ጥሎ «ላ» ሲሆን፣ በአናባቢ ፊት የመጨረሻውን ድምፅ ጥሎ «ኤል» ሆነ። ስለዚህ በ«ኤል አጓ» ውስጥ ያለው «ኤል» በትውልዱ ሴት ነው። በመካከለኛው ዘመን በሌሎችም አናባቢዎች ፊት ይነገር ነበር፤ ዛሬ በጠንካራ «አ» በሚጀምሩ እንደ «አልማ» (ነፍስ)፣ «አጊላ» (ንስር)፣ «አምብሬ» (ረኃብ) ባሉ ስሞች ፊት ተወስኖ ቀርቷል። በብዙ ቍጥር «ላስ አጓስ» መባሉ፣ ቅጽሉም «ኤል አጓ ፍሪያ» (ቀዝቃዛው ውሃ) ተብሎ በአንስታይ መቅረቱ የስሙን ጾታ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ ተናጋሪዎች «ኤል» ስላሉ ብቻ አመልካቹንም «ኤስቴ አጓ» እያሉ በተባዕት ይጠሩታል፤ አካዳሚያቸውም ይህን እንደ ስሕተት ይቈጥረዋል። የተረሳ ታሪክ አዲስ ሰዋስው ለመፍጠር ሲታገል በዓይን የሚታይበት ስፍራ ይህ ነው።

5. በስም ውስጥ የተደበቀው የዐረብኛ መስተአምር

ከ711 ጀምሮ ዐረብኛ በእስፓኝ ምድር ለብዙ ዘመናት ሲነገር ካስቲልያውያን እጅግ ብዙ ስሞችን ተዋሱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የወሰዱት «አል» ከሚለው የዐረብኛ መስተአምር ጋር ነው። «አልጎዶን» (ጥጥ)፣ «አሱካር» (ስኳር)፣ «አሮስ» (ሩዝ)፣ «አሴይቴ» (ዘይት)፣ «አልካልዴ» (ከንቲባ) የዚህ ምሳሌ ናቸው። «አሱካር» እና «አሮስ» «ል»ን ያጡት በዐረብኛ ራሱ የ«አል» «ል» በአንዳንድ ተነባቢዎች ፊት ስለሚዋጥ ነው። ካስቲልያዊው «ኤል አልጎዶን» ባለ ጊዜ በታሪክ ዐይን ሁለት መስተአምራትን ደርቦ ተናገረ።

ንጽጽሩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን ጠቃሚ ነው። አማርኛ ከዐረብኛ ስኳርን፣ ሩዝንና ቃዲን ሲዋስ «አል»ን አልወሰደም። ጣልያንኛም «ዙኬሮ» እና «ኮቶኔ» ሲል ያለ «አል» ነው። በአንጻሩ «አልኮል» እና «አልጀብራ» ወደ አማርኛ የገቡት በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ስለ ሆነ «አል»ን እንደ ያዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል «አል»ን ይዞ መገኘቱ የመጣበትን መንገድ ያመለክታል፤ የምንጩን ቋንቋ ብቻ መዝግቦ መንገዱን የሚተው መዝገበ ቃላት የታሪኩን እኩሌታ አጕድሏል። የ«አልካልዴ» እና የ«ቃዲ» ምሳሌ ይበልጥ ያስረዳል፤ ሁለቱ በምንጭ አንድ ሲሆኑ አንዱ የከተማ ሹም፣ ሌላው የሸሪዓ ዳኛ ሆነው ቀርተዋል።

6. የግዛቱ መስፋፋት

የመስተአምሩ ዋና ታሪክ ግን የቅርጹ ሳይሆን የግዛቱ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ «ኤል» አስቀድሞ የተነሣውን ነገር ብቻ ይጠቅስ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ሳይነሣም ሁሉ የሚያውቀውን፣ አንድ ብቻ የሆነውን፣ እንደ ፀሐይና እንደ ንጉሥ ያለውን፣ ያዘ። በሦስተኛው ደረጃ ወገንን በሙሉና ረቂቅ ስምን ወረሰ። በመካከለኛው ዘመን ካስቲልኛ ረቂቅና የወገን ስሞች ብዙ ጊዜ ያለ መስተአምር ይቆሙ ነበር፤ የወንዝ ስሞችም እንዲሁ። ዛሬ ግን ትዕግሥት «ላ ፓሲዬንሲያ»፣ የሰው ልጅም በጥቅሉ «ኤል ኦምብሬ» ይባላል፤ ወንዞችም «ኤል ዱዌሮ»፣ «ኤል ታኾ» እየተባሉ ይጠራሉ።

መስፋፋቱ በአንድ ወገን ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሷል። ጥንት «ላ ሚ ካሳ» (ቤቴ) እየተባለ መስተአምርና የባለቤትነት ቃል በአንድነት ይነገሩ ነበር፤ በኋላ መደበኛው ቋንቋ መስተአምሩን ትቶ «ሚ ካሳ» ብቻ አለ። ጥንታዊው ሥርዓት ደግሞ በተወሰኑ አነጋገሮች ተጠብቆ ይኖራል። «ኤን ካሳ» ማለት «ቤት» (ቤት ነው እንደምንለው) ሲሆን «ኤን ላ ካሳ» ግን «በቤቱ ውስጥ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛና እስፓኝኛ ፍጹም ይስማማሉ፤ የሚስማሙትም እስፓኝኛው በቀድሞው ደረጃው ላይ ስለቆመ ነው።

7. ሊቃውንቱ ምን አሉ?

አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ በ1492 በሳላማንካ ያሳተመው የካስቲልኛ ሰዋስው የንግግር ክፍሎችን 10 አድርጎ ሲቈጥር መስተአምርን ከእነርሱ አንዱ አደረገ። ሥራውም የስሙን ጾታ ማሳየት ነው አለ። የላቲንን ሥርዓት ለለመደ ሊቅ ይህ ድፍረት ነበር፤ በላቲን የሌለውን ክፍል በሕዝብ ቋንቋ ውስጥ አገኘና ስም ሰጠው። በ1713 የተቋቋመው የእስፓኝ ቋንቋ አካዳሚም በ1771 የመጀመሪያውን ሰዋስውን ሲያወጣ መስተአምርን ተቀበለ።

በካራካስ የተወለደው አንድሬስ ቤዮ በ1847 በሳንቲያጎ ዴ ቺሌ ባሳተመው ሰዋስው ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ «ኤል» የተባለው መስተአምርና «ኤል» (እርሱ) የተባለው ተውላጠ ስም አንድ ቃል ናቸው፣ ልዩነታቸው አንዱ አጭር ሌላው ሙሉ መሆኑ ነው አለ። የሁለቱም አባት «ኢሌ» መሆኑን ታሪክ ያረጋግጥለታል። በ1933 አማዶ አሎንሶ «ኡን» (አንድ) የመስተአምር ጓደኛ አይደለም፤ የ«ኤል» እውነተኛ ተቃራኒ የመስተአምር አለመኖር ነው ሲል ተከራከረ። ራፋኤል ላፔሳ በ1961 ከአመልካች ወደ መስተአምር የተደረገውን ጕዞ በጥንታዊ ጽሑፎች መረጃ መረመረ። በ1967 ደግሞ ኤሚልዮ አላርኮስ ዮራች ጕዳዩን በቋንቋው መዋቅር በኩል መልሶ አነሣው። የአሎንሶ ሐሳብ ለተርጓሚ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ «ኤል»ን ከ«ኡን» ጋር ሳይሆን ከባዶው ስም ጋር እያነጻጸረ ያንብብ።

8. በትርጕም ሚዛን

ከዚህ በላይ የተባለው በተግባር ሲፈተን ሦስት ጕዳዮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው የወገን ስም ነው። አማርኛ ወገንን የሚጠራው በባዶ ስም ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ስለ ውሾች ሁሉ ይናገራል፤ «ውሻው በበላበት ይጮኻል» ብንል ግን ተረትነቱ ቀርቶ ስለ ጎረቤት ውሻ የሚነገር ወሬ ይሆናል። እስፓኝኛ ይህንኑ ተረት ለመናገር «ኤል ፔሮ» ማለት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የሦስተኛው ደረጃ «ኤል» ወደ አማርኛ ሲገባ ባዶ ይሆናል፤ በሕግና በውል ደግሞ እንደ ሁኔታው «ሁሉ» ወይም «ማንኛውም» ይፈልጋል። «ኤል ትራባኻዶር» ለተባለው በአንድ ስፍራ «ሠራተኛው»፣ በሌላ ስፍራ «ማንኛውም ሠራተኛ» ማለት መዘበራረቅ ሳይሆን ትክክል ነው።

ሁለተኛው የአካል ክፍል ነው። እስፓኝኛ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ሲል ራሱ የማን እንደ ሆነ የሚነግረን «ሜ» (እኔን) የሚለው ቃል ነው፤ «ላ» ዝም ትላለች። አማርኛ ግን «ራሴን አመመኝ» ብሎ ባለቤቱን በስሙ ላይ ይጨምራል። «ሴ ላቮ ላስ ማኖስ» የሚለውም ባለቤቱ ወንድ ከሆነ «እጁን ታጠበ»፣ ሴት ከሆነች «እጇን ታጠበች» ይሆናል። የአማርኛው መስተአምር ከባለቤትነት ቅጥያ በመወለዱ «እጁ» የሚለው ቃል «ያ የታወቀው እጅ» እና «የእርሱ እጅ» የሚሉትን ሁለት ትርጕሞች ይይዛል። ከአመልካች የተወለደው «ላ» ይህ ሁለትነት የለባትም። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ በማይታወቅበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተርጓሚው በቅጥያዋ ምክንያት ያልተጻፈ ባለቤት እንዳይፈጥር መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛው የጊዜና የቦታ ስም ነው። «ኤል ሉኔስ» «ሰኞ ዕለት» ሲሆን «ሎስ ሉኔስ» «ሰኞ ሰኞ» ወይም «በየሰኞው» ነው፤ እስፓኝኛው በቍጥር የለየውን አማርኛ በድግግሞሽ ይለየዋል። በቦታ ስሞች ረገድ «ላ ፓዝ»፣ «ኤል ሳልቫዶር» እና «ሎስ አንጀለስ» በአማርኛ መስተአምራቸውን ይዘው ሲጻፉ፣ «ላ አባና» ግን ያለ መስተአምር «ሃቫና» ተብላ ገብታለች። ልማድ የጸናባቸውን መለወጥ አያስፈልግም። ለአዲስ ስም ግን መስተአምሩ የስሙ አካል ነው ወይስ ተጨማሪ የሚለውን እስፓኝኛው ራሱ ይፈርዳል፤ «ኤል ሳልቫዶር» የሚለው «ኤል» በጽሑፍ ከመስተዋድድ ጋር አይዋሐድም፣ አካል ነውና። ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች የተማሩባት የኩባ ደሴት «ላ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ» ስትባል በስሟ ውስጥ ሁለት መስተአምራት አሉ፤ በአማርኛ «የወጣቶች ደሴት» ስንላት ሁለቱም ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ለአንድ ብቻ ለሆነ ነገር የተሰጠ፣ ሁለተኛው ለወገን የተሰጠ ስለ ሆነ አማርኛ አንዱንም አይጠይቅም። በዚያች ደሴት ተምረው የእስፓኝኛን መጻሕፍት ማንበብና መተርጐም የሚችሉ ወገኖች ይህን ልዩነት በጆሮ ያውቁታል፤ በጽሑፍ ማጽናቱ የእኛ ፈንታ ነው።

መደምደሚያ

የእስፓኝኛው መስተአምር በጣት ማመልከት ጀምሮ፣ የተነሣውን መጥቀስ ቀጥሎ፣ አንድ ብቻ የሆነውን ከዚያም ወገንን ሁሉ አቀፈ። አማርኛ ከሌላ ምንጭ ተነሥቶ በፊተኞቹ ደረጃዎች ዘንድ ይገኛል፤ ይህም ጕድለት አይደለም፣ የራሱ ሥርዓት ነው። ከዚህ የሚከተለው የሥራ ደንብ አጭር ነው። «ኤል» የተነሣውን ሲጠቅስ በ«-ው» ወይም በ«-ኡ» ይመለስ፤ አንድ ብቻ የሆነውን ወይም ወገንን ሲጠራ ስሙ ባዶውን ይቁም፤ መብትና ግዴታ ሲደነግግ «ሁሉ» ወይም «ማንኛውም» ይጨመርለት፤ የአካል ክፍልን ሲያስከትል ባለቤቱ ተፈልጎ በቅጥያ ይገለጥ። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰውም በ«ኤል» ሥር «-ው» ብሎ አንዲት ቅጥያ ጽፎ ማለፍ አይበቃውም፤ ደረጃዎቹን እየለየ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ያስፍር። ይህ ካልተደረገ «እስፓኛውያኑ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ በተነሣ ቍጥር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ የያዘው መዝገበ ቃላትም ተጠያቂ ነው።